መነ ዱቢሳ፣ በነጻ

እኛ የጎባ ልጆች ሮቤን በስሟ መጥራት አይሆንልንም ነበር፤ «ጭቃ» ነበር የምንላት። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ናት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው፣ ብርዷም ቢሆን የከተማ ብርድ ነው እያልን እንኮራለን። ሮቤ ደግሞ ሜዳ ላይ የተዘረገፈች፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የምትውጥ፣ ከስንዴና ከጋሪ ሌላ ወሬ የሌላት ናት ብለን ደምድመናል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሥራ ስጠብቅ ከርሜ «ሮቤ የሕዝብ ንባብ ቤት ተመድበሻል» ስባል ፊቴ እንዴት እንደጠቆረ መገመት ነው። እናቴ «ሥራ ሥራ ነው፣ አፍሽን ሰብስበሽ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። አፌን መሰብሰቡ ግን እስከ ዛሬም አልሆነልኝም።

ንባብ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ ቀበሌው ወረሰው፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ መደርደሪያ ተሠራለት፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ወንበሮች ገቡበት። ዝናብ ሲዘንብ ከወለሉ የድሮ ስንዴ ሽታ ይነሣል። ከመጻሕፍቱ ግማሾቹ ቀይ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራሞች ናቸው፤ አቧራቸውን ከማራገፌ በቀር የሚነካቸው አልነበረም። የቀሩት የመሠረተ ትምህርት መማሪያዎች፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የተጻፉ ስስ መጽሐፎች፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸውን የጣሉ ልብ ወለዶችም ነበሩ። ከበሩ ትይዩ በትልልቅ ፊደል «ጸጥታ ይከበር» ተብሎ ተለጥፏል። የጻፈው ኃላፊያችን ነው።

ኃላፊያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ፣ ኦሮምኛው «አካም» ከማለት የማያልፍ፣ ጥርት ያለ ሸሚዝ የሚወድ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። በላዩ ያሉትን ግን በጣም ይፈራል፤ መኪና በበሩ ባለፈ ቁጥር ኮሌታውን ያስተካክላል። እኔ በዚያን ጊዜ ፍርሃቱ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዘመን ያልፈራ ሰው ካለ ያላስተዋለ ሰው ነው።

አንድ ቀን ከበላይ መመሪያ መጣ፤ ንባብ ቤቶች ለሰፊው ሕዝብ ነጻ ፕሮግራም ያዘጋጁ የሚል። ኃላፊው መመሪያውን ቆሞ አነበበልኝ፤ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ብንሆንም። ቅዳሜ እንዲሆን ወሰንን። ጠዋት ልጆች ጊዜ ባለፈባቸው ፖስተሮች ጀርባ ላይ ሥዕል ይሥላሉ፤ ዳማ መጫወት የሚፈልግ በመስኮቱ በኩል ይጫወታል፤ ከዚያ ዋናው ፕሮግራም ይመጣል። ዋናው ፕሮግራም እኔ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ጨርሰው ፊደል እንዳይረሱ ለሚፈራላቸው ሰዎች አንድ ገጽ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፣ ቀጥዬ ያንኑ በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ። ኦሮምኛዬ ጎባ መንገድ ላይ ስጫወት የለቀምኩት ነው፤ ስድቡ ከምርቃቱ ይበልጣል፣ ግን ይግባባል።

በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ልጆች መጡ፤ ልጆች በነጻ የተባለ ነገር አያልፋቸውም። ሁለት ዳማ ተጫዋቾችም መጡ፤ እነሱ ከዝናብ ለመጠለል ነው። ለዋናው ፕሮግራም ማንም አልመጣም። ለባዶ ወንበር ስለ ንጹሕ ውሃ ጥቅም አነበብኩ። ኃላፊው ከኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ፣ ዳማ ተጫዋቾቹ ጠጠራቸውን ያንኳኳሉ። «ሕዝቡ አልሰማም ማለት ነው፣ ይለፈፍ!» አለ በመጨረሻ።

በገበያ ቀን የቀበሌው ለፋፊ ጡሩምባውን ይዞ ገበያው መሀል ቆመ። የተሰጠው መልእክት አጭር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የንባብ ፕሮግራም አለ፣ በነጻ ነው፣ ሁላችሁም ኑ የሚል። ለፋፊው አንዴ በአማርኛ ካለ በኋላ ሰዉ ወደሚሰማው ቋንቋ ዞረ።

«መነ ዱቢሳ ባነሜራ! ቢላሻ! ቢላሻ! ኮታ!»

ኃላፊው ከጎኔ ቆሞ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አለ? ብላሽ ነው አለ? የኔን ፕሮግራም ብላሽ ነው ይላል?»

«ኧረ ጓድ፣ ቢላሻ ማለት በነጻ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን በነጻ አይልም?»

«በኦሮምኛ በነጻ ማለት ነዋ!»

አላመነኝም። ጨው ነጋዴዋን ጠየቀ፣ ከጉራጌው ባለሱቅ አጣራ፣ ለፋፊውን አስቁሞ መረመረው። ሦስቱም አንድ ነገር ሲሉት «እንግዲያውስ ቃሉ ቢቀየር ይሻላል» ብሎ ሄደ። እኔም ስስቅ ዋልኩ። በቢላሻ ስንጨቃጨቅ ዱቢሳን ማን አስተዋለ።

በኦሮምኛ ዱቢሱ ማለት ማንበብ ነው፤ መማሪያው ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው። ግን ቃሉ ፊደል ሳይመጣ በፊት የሰው ቃል ነበር። ሰውን ማነጋገር፣ ሰላም ብሎ ደኅንነቱን መጠየቅ፣ ያ ሁሉ ዱቢሱ ነው። ተኳርፎ የከረመ ሰው «አያነጋግረኝም» ሲል በዚሁ ቃል ነው የሚለው። ለፋፊው «ንባብ ቤት ተከፍቷል» ማለቱ ነበር። ገበያው ግን የሰማው፣ መንግሥት የማነጋገሪያ ቤት ከፍቷል፣ ያውም በነጻ፣ ብሎ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር አልበቃ አለ። ሰዉ እየገባ ሁሉንም በየተራ እየጨበጠ፣ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ እየተጠያየቀ ተቀመጠ። ከአጋርፋ በኩል የመጡ ሁለት ሴቶች ቅቤያቸውን ከወንበር ሥር አስቀምጠው በትኩረት ያዩኛል። ኃላፊው ደስታ ሊገድለው ደረሰ፤ ጸጥታውን እንኳ ረሳ። እኔ ስለ ወባ ማንበብ ስጀምር ከሴቶቹ አንዷ በጨዋነት አቋረጠችኝ። «እሱ ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን እንዴት ነሽ? ቤትሽ ደኅና ነው?» አለችኝ። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ለኃላፊው አልነገርኩትም፤ ምን ቆርጦኝ! ሰላምታው ካለቀ በኋላ አነብላቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፣ እንዲያም ሆነ። ግማሹ ቅዳሜ መጠያየቅ፣ ግማሹ ንባብ። ሰዉ ሁለቱንም ወደደው።

አንድ ሽማግሌ የመጡትም በዚያው ቅዳሜ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ወንበር ስሰበስብ። ረጅም ናቸው፤ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ጠምጥመው፣ በትራቸውን ከበሩ ውጭ አስደግፈው ገቡ። ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ካሉት አዳዲስ መንደሮች ከአንዱ በእህል መኪና ተሳፍረው መምጣታቸው ነው። መኪናው ተበላሽቶ አርፍዶባቸዋል።

«የማነጋገሪያው ቤት ይህ ነው?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ኤዬ፣ አባባ፤ ይግቡ።»

«ወንድሜ እዚህ ሮቤ ነው። አያነጋግረኝም። አነጋግሪልኝ።»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ ቤት የመጽሐፍ ነው፣ ዱቢሳ ያልነው መጽሐፍ ማንበቡን ነው፣ ለፋፊው አሳስቷችሁ ነው አልኩ። ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ሌላ ቦታ ናቸው አልኳቸው። እሳቸው ወደ መደርደሪያው ዞሩ።

«እነዚህ ናቸው የሚነጋገሩት?»

«እኛ ነን የምናነጋግራቸው።»

«መልስ ይሰጣሉ?»

«አይሰጡም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ወንድሜን ይመስላሉ» አሉና ተቀመጡ።

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሽማግሌ ልከው እንደነበር፣ ወንድማቸው ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አብልቶ መልስ ሳይሰጥ እንደሸኛቸው ነገሩኝ። ከአረፋ በፊት ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ፣ ለመሳለም፣ ሊሄዱ አስበዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ የሚሉበት ጊዜ አልፏል። «ከእናቴ ልጅ ጋር ሳልነጋገር እዚያ ደጃፍ ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ?» አሉኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አልቀሩም። ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው ከአጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ያኖራሉ። ሰው ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለው» ይላሉ። ከተማው ትንሽ ናት፤ የማን ወንበር እንደሆነ ለመታወቅ አልቆየም።

ወንድምየውን ለካ አውቀው ኖሯል። ከጎባ ስመጣ ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ንባብ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰኝ ጋሪ ነጂ ነበር። ከታላቁ በዕድሜ ብዙ ያንሳል፤ ቁመቱና አፍንጫው ግን ያው ነው። ዝምተኛ ነው፤ ከፈረሱ ጋር ካልሆነ አያወራም። አንድ ጠዋት ጭቃው መሀል ስንደርስ ከኋላ ተቀምጬ ጀመርኩት።

«ወንድምዎ በየቅዳሜው ይጠብቅዎታል።»

ዝም።

«ሽማግሌ ሰው ናቸው። በእህል መኪና ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚመጡት።»

ለፈረሱ ብቻ «ቻ!» አለው። የኔ ንዴት ደግሞ ቅርብ ናት፤ እርስዎነቱን አስረሳችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ድንጋይ ነው እንዴ? ምን ቢያደርግህ ነው?» ብዬ ጮህኩ። ጋሪውን አቆመ። ውረጂ የሚለኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝኩ። እሱ ግን ወደኋላ ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ ነገረኝ።

«የአባቴን ቤት አፈረሰ። መንደር ምሥረታ ነው ተብሎ። እሱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። ይፍረስ፤ የሁሉም ቤት ፈርሷል፣ ለዚያ አይደለም። ከላይ ሰዎች መጥተው ስብሰባ ሲያደርጉ እሱ ተነሥቶ፣ ‘በገዛ ፈቃዳችን ነው ያፈረስነው’ አለ። እናቴ የፈረሰው ቤት ምሰሶ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እኔ አጠገቧ ነኝ። ‘ፈቅጄ ነበር እንዴ?’ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። የረሳችው ነገር ያለ መሰላት።»

እናታቸው በዓመቱ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ሁለቱም አፈር አለበሱ፣ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። «ሰው ፊት ያለውን ሰው ፊት ይመልሰው። ያኔ አነጋግረዋለሁ» ብሎ ጋሪውን ነዳ። ስወርድ ልቤ ተሰብሮ ነበር። በማላውቀው ነገር ሰው ላይ መጮኼም አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ሰዉ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«እንደዚያ አለች? ‘ፈቅጄ ነበር እንዴ’ አለች?» አሉኝ። ይህን እስከዚያ ቀን አልሰሙም ነበር።

«ወንድምዎ ነው ያሉኝ።»

ከዚያ ይህን ቃል ሰው ፊት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ያነሰ ተናግሮ ከወሰዱት በኋላ ወሬው የጠፋ ሰው ከመንደራቸው አለ። ሊቀ መንበርነቱን ትተውታል፤ ልጆቻቸው ግን እዚያው ማኅበር ውስጥ ናቸው፣ መሬታቸውም እዚያው ነው። «ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ወስዶ በል ቢለኝ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ እላለሁ። እሱ የፈለገው ግን ሰው ፊት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔስ ብሆን? አፌ ረጅም ነው እያልኩ የምመጻደቀው ልጅ፣ በስብሰባ ላይ እጃቸውን ካላወጡ ሰዎች መሀል አንድም ቀን አልነበርኩም። «አባባ፣ ይተዉት» አልኳቸው። ኮታቸውን አንሥተው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አኖሩ።

ጋሪ ነጂው ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ማሳፈር ተወ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሲያየኝ ፈረሱን ያዞረዋል፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ በጭቃው እሄዳለሁ፣ እረግመዋለሁም። ማምለጡ ግን አልሆነለትም። የተሳፈረው ሁሉ ስለዚያ ወንበር ይጠይቀዋል። ቅቤ ሻጮቹ ይጠይቁታል። ዳማ ተጫዋቾቹ ከእሱ ጋሪ ሌላ የማይሳፈሩ ይመስል እየጠበቁ ይጠይቁታል። «መነ ዱቢሳ አትሄድም? ወንድምህ ቀጥሮሃል እኮ!» የሚለው ቀልድ ከተማውን ሞላው። ሮቤ ወሬ የላትም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

አረፋ እየቀረበ በመጣ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ኃላፊው ከጎባ የመጣ አዲስ መጽሐፍ ይዞ ገባ። ስስ ነው፤ ሽፋኑ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቤቶች ተሥለዋል። ስለ አዳዲሶቹ መንደሮች የተጻፈ ነው። «ዛሬ ይህ ይነበብ፤ መነበቡን ይጠይቁናል» አለኝ። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠዋል። ሌላ እናንብብ እንዳልለው፣ ምን ብዬ? አነሣሁት።

ቤቱ ጢም ብሏል። ውጭው ዝናብ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ በኦሮምኛ እየተናገርኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ጋሪ ነጂው ገባ። ከላይ እስከ ታች ረጥቧል፣ አለንጋውን እንደያዘ ነው። ከፊቱ ገባኝ፤ ለመታረቅ አልመጣም። ከተማ ሙሉ መሳቂያ አደረግከኝ፣ ይብቃህ፣ ሊል ነው የመጣው። አፉን ሲከፍት ኃላፊው ቀደመው። አዲስ ተሳታፊ ያገኘ መስሎት ፊቱ በርቶ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ «ጸጥታ ይከበር» አመለከተው፤ ክንዱን ይዞም ክፍት ወዳለው ወንበር ወሰደው። ክፍት ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ኮታቸውን አነሡ። ጋሪ ነጂው አንዴ ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ተቀመጠ። ትከሻና ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነው።

ቀጠልኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያ ዐረፍተ ነገር መጣ፤ «አርሶ አደሩ በገዛ ፈቃዱ የድሮ ጎጆውን አፍርሶ» ይላል። በዚያን ጊዜ በተጻፈ ሁሉ ውስጥ የነበረ ነው፤ እኔም ስንቴ ሳነበው ዓይኔ ሳያርፍበት ያልፍ ነበር። አሁን ግን ዓይኔ አረፈበት። ኦሮምኛውን ልዝለለው ብዬ አሰብኩ። ግን አማርኛውን ግማሹ ሰው ሰምቷል፤ ጋሪ ነጂውም ሰምቷል፣ በአፍንጫው ሲተነፍስ ይሰማኛል። በኦሮምኛ አልኩት።

ሽማግሌው ተነሡ። በስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው ቀጥ ብለው፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ሚቲ» አሉ። አይደለም ማለት ነው። «ፈቃድ አልነበረም። እኔ ሊቀ መንበር ነበርኩ። በፈቃዳችን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አልፈቀደችም፤ የጠየቃትም የለም። ወንድሜ አልፈቀደም። እኔም አልፈቀድኩም፤ ፈርቼ ነው። ዋሽቻለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ዳማ ተጫዋቾቹ እጃቸው ጠጠሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይህን ወስዶ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ሽማግሌው ማታውኑ ቤታቸው አይገቡም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ኃላፊው ከኋላ አንገቱን አሰገገ። «ምን አሉ? ምን እያሉ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አማርኛና ኦሮምኛ ከሚያውቁት ሁሉ አንድ እንኳ አልተነፈሰም። እኔ ስናገር ድምፄ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰለኝ።

«ያኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እሳቸው ነበሩ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሲሠራ እዚያው እንደነበሩ ነው የሚናገሩት» አልኩ።

«ጎሽ! እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር ነው የሚፈለገው! ይጨብጨብላቸው!» አለ ኃላፊው፣ ራሱም ቀድሞ ማጨብጨብ ጀመረ።

ሰዉ አጨበጨበ። በብዙ ስብሰባ አጨብጭቤያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ቅቤ ሻጮቹ እየተነሡ ያጨበጭባሉ። ከዳማ ተጫዋቾቹ አንዱ በመዳፉ ጠረጴዛውን ይደበድባል። እኔ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ከልዬ አለቀስኩ። ኃላፊው አየኝና መጽሐፉ ልብ የሚነካ ነው ማለት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ያላጨበጨበው ጋሪ ነጂው ብቻ ነበር። አለንጋውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወለሉን ያያል። ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሣ። ሽማግሌው ገና ቆመዋል፤ የት እንደሚሄዱ የማያውቁ ይመስላሉ። ጋሪ ነጂው በአጠገባቸው አልፎ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ በሩ ሄደና ቆመ፤ ፊቱን አላዞረም።

«በል ና። ፈረሱ ዝናብ ላይ ብቻውን ነው» አለ።

ሽማግሌው ኮታቸውን ደረታቸው ላይ እንደታቀፉ «ውሃ አጠጥተኸዋል?» እያሉ ተከተሉት።